አዲስ ዓለም፣ አንድ ሰው

ፈተናው ነገ ነው፤ መቶ አሥር ገጽ አለኝ፣
ፎቶ ኮፒው ደብዛዛ፣ እንቅልፍ እያታለለኝ።
ከመርከቡ መድረስ እስከ ባቡር ሐዲድ
ሦስት መቶ ዓመት ነው፣ ባንድ ሌሊት የሚሄድ።
መብራት ጠፍቷል ደግሞ። አባቴ ሻማ አለው፤
ቅዳሜ የሚረከብ ጋቢ አለ የጀመረው።
ከሽመናው ጉድጓድ አፍ ደብተሬን ዘርግቼ
በሱ ብርሃን ሰበብ ቁጭ አልኩ ተጠግቼ።

«ጮክ አድርገህ አንብብ፣ እኔም ይግባኝ» አለ፣
መወርወሪያው ወዲህ ወዲያ እየዘለለ።
«በሺህ ስድስት መቶ ሃያ፣ በብርድ ወራት፣
ሰፋሪዎች ደረሱ ከአንድ ባዶ መሬት።»

መወርወሪያው ቆመ።
«ባዶ ያለው ማነው? ማን ቀድሞ አይቶት መጣ?
ወንዝ ባለበት አገር ሰው እንዴት ይታጣ?»
ገጹን ሳገላብጥ፣ ግርጌው ላይ፣ በቅንፍ፣
«ነባር ሕዝቦች» ይላል፤ አንድ መስመር፣ ከዚያ እልፍ።

«የኛንም አያቶች በነጋሪት አዋጅ
ከግንቡ ሲያርቋቸው ወደ ቀሃ ደጅ፣
‹ባዶ ነው፣ ስፈሩ› ተባሉ ይሉናል፤
‹አዲስ ዓለም› ማለት ኋላ የመጣ ቃል።»

ሻዩን ባሕር ጣሉት፣ ቀረጡ በዝቶባቸው።
«ስኳሩንስ?» አለኝ።
ሳቅን። ስኳሩን ግን ማን ይወቅላቸው።

ጥጡ ላይ ስንደርስ ድምፄ ዝቅ አለ፦
«መዳመጫ መኪና ወጣ፤ ሥራ ቀለለ፤
የባሪያው ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት አየለ።»
«ሥራ ከቀለለ ለምን ሰው ጨመሩ?
የቱ ጋ ነው የተበጠሰው፣ የዚህ ነገር ክሩ?»

መልስ አልነበረኝም።
አምና መተማ ላይ ጥጥ ስለቅም ከርሜ፣
ላቤን በኪሎ ሸጬ፣ ከሚዛኑ ፊት ቆሜ፣
መዛኙ በጉልበቱ ጆንያውን ሲደግፍ
አየሁት፤ ዝም አልኩት፤ ሁለት ኪሎ ሲገፍ።
ግን ሲያንገሸግሸኝ አውቶቡስ ይዤ መጣሁ።
ለነዚያ ትኬት የለም። ይህን አልዘነጋሁ።

ከዚያ ፋብሪካ ነው። ወንዝ የሚያዞረው ዘንግ፣
ሴት ልጆች በደወል፣ ሺህ መወርወሪያ፣ ሺህ ማግ፣
ባንድ ቀን ከተማ የሚያለብስ ጨርቅ...

«ሸማኔዎቹስ?» አለ።

ገጽ ሰባ ሁለትን፣ ሰባ ሦስትን ፈለግሁ፤
እንፋሎት፣ ብረት፣ ባቡር። ሸማኔ ግን አጣሁ።
አባቴ አልደገመኝም። ያውቀው ይሆናል፤
ቅዳሜ ገበያ ላይ የማሽን ጋቢ መጥቷል፣
በግማሽ ዋጋ። እሱ የተበጠሰ ክር ቀጠለ፣
ሻማው ግርጌው ደርሶ ጢሱ እየዋለለ።

በማግስቱ፣ ማራኪ፣ ጥያቄ ቁጥር ሰባት፦
«የፋብሪካን ጥቅሞች ዘርዝር፤ ነጥቡ ስምንት።»
ስምንት ጥቅም ጻፍኩኝ። የተረፈው ቦታ ላይ
«ሸማኔዎቹስ?» ብዬ፣ መልስ ይሁን ጥያቄ ሳልለይ፣
ወረቀቱን ሰጠሁ ለመምህር ይስማው።
ቀይ እስክሪብቶው ተነሳ፤ ምን ብሎ ያርመው?

ፒያሳ ስደርስ አንድ ባጃጅ ሊሞላ ነው፤
ልጁ አንገቱን አውጥቶ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ፣
«አዲስ ዓለም፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው ነው የቀረው!»

ሳቄን ዋጥኩት። አሥር ብር። ጉልበቴን አጥፌ፣
ከዱቄት ጆንያ ጋር ጥጉን ተደግፌ
ወደ አዲስ ዓለም ቁልቁል ወረድኩኝ።

ባዶ ቦታ የለም።