አራት እርምጃ

ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ከቀሃ ቁልቁለት፣ ከድንጋዩ ተራ፣
አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ያሸ፣
የራሱን ጨብጦ ጭቃ ላይ አመሸ።

ልጁ ነኝ፤ ሆስፒታል ራጅ አነሣለሁ፤
አጥንትን በጨረር ማንበብ አውቃለሁ።
እሱ በጣቱ ጫፍ፣ እኔ በመሣሪያ፣
አንድ እግር ነበረን የጠብ መጀመሪያ።

ቅዳሜ ገበያ ኩንታል የጣለው፣
አዘዞ መንገድ ላይ ባጃጅ የዳጠው፣
ተረከዟ ተሰብሮ ከሰርግ የወጣች፣
በአንድ ጫማ ብቻ ደጃችን የመጣች፣
ለሁሉም ይላቸው ነበር፣ ቅቤውን ሳይከፍት፦
«እስቲ ተነሥና አራት ተራመድ በፊት።
ሁለት በዚህ እግርህ፣ ሁለት በዚያ እግርህ፤
ማነከስ ነውር የለው፤ ይቻልሃል ቆመህ?»

ከዚያ በአውራ ጣቱ ይጫናል ከኋላ፣
በሁለቱ ጉብታ፣ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ፤
ጅማት ሲያም ሌላ ነው፣ አጥንት ሲያም ሌላ፣
እሱ ይለየዋል፣ ፊት ሳያይ፣ ጣት ሲያይ።

ኮሌጅ ስገባ ነው ይህንኑ ያገኘሁት፣
በመጽሐፍ ታትሞ፣ ሕግ ተብሎ ያየሁት፦
አራት መራመድ ያቃተው፣ ጠርዙን ሲነኩት ያመመው፣
ራጅ ይነሣ ይላል። ለአባቴ ግን ዝም አልሁ፤
ኩራት ይሁን ቅናት፣ እስካሁን አላወቅሁ።

ከዚያ ያ ልጅ መጣ። ምስጋናው። አሥር ዓመቱ።
ኳስ ሜዳ ተጣምሞ አብጧል ቁርጭምጭሚቱ።
በአንዱም እግር ቢሉት፣ አንዲት አልተራመደም፤
አባቴ ያን ቀን ግን (ለምን?) አልጠየቀም።
ሰው ደጁ ተሰልፎ፣ ቅቤው ቀልጦ ጠብቆ፣
አሸው። ልጁ ጮኸ፣ የእናቱን ቀሚስ አንቆ።

በአምስተኛው ሳምንት ለራጅ አመጡት፤
አጥንቱ ተጣሞ ገጥሞ አገኘሁት።
ማታ ቤት ስገባ፣ በሰው ፊት ተናገርሁ፦
«ልጁን ያሰናከልኸው አንተ ነህ!» አልሁ።

የአፍ ወለምታ፣ አሉ፣ በቅቤ አይታሽም።
ስድስት ዓመት ሆነው። እሱም አልጠገገም፣
እኔም አልቀባሁም።

እና ዛሬ፣ ጭቃው ላይ፣ ሰው ከቦ ይንጫጫል፤
አንዱ «ቅቤ አምጡ»፣ አንዱ «ጎትቱት፣ ይገባል»።
እሱ እጁን ዘርግቶ፦ «ማንም እንዳይነካኝ፤
ትርንጎን ጥሩልኝ፣ እሷ ትመልከተኝ።»

ስደርስ፣ እብጠት ሳይቀድመው ጫማውን ፈትቶታል።
«አራቱን ሞከርሁ» ብሎ ይስቃል፣ ያልበዋል፤
«ሁለተኛዋ ላይ ዓለም ጨለመችብኝ።
ጠርዙን ጫን በይልኝ። አንቺው ንገሪኝ።»

ጫንሁት። ፊቱን አላየሁም፣ እሱ እንዳስተማረኝ።
«አጥንት ነው፣ አባባ።»
«እኮ» አለኝ።

ካርቶን አጥፈን ግራና ቀኝ፣ በነጠላው አሰርን፣
እንዳይጠብቅ፣ እንዳይላላ፤ ጣቶቹን ዳሰስን፦
ይሞቃሉ ወይ? ይሰማሃል? አንቀሳቅሳቸው እስቲ።
ከሱቅ የመጣ በረዶ፣ በፎጣ ጠቅልለን፣
ባጃጁ ወንበር ላይ እግሩን ከፍ አድርገን፣
በፒያሳ አቀበት ስንወጣ አንዴም አልጮኸም፤
እኔ ነበርሁ በየጉድጓዱ «ቀስ!» የምለው።

በውጭው ጉብታ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር፣
እንደ ፀጉር። ቦታዋን አልለቀቀችም ነበር።
ዶክተሩ ጀሶ አለ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ።

«ወለምታ ብቻ ቢሆን» አልሁት፣ ጀሶው ሲደርቅ፣
«እረፍት ነበር፣ በረዶ፣ ፋሻ፣ እግር ከፍ ማድረግ፤
ቅቤና እሽታ ግን በእብጠቱ ሰሞን…»
«እሳት ላይ ላምባ ነው» አለኝ ቀደም ብሎኝ።
«ከዚያ ልጅ በኋላ ማንንም አላሸሁ፤
መጀመሪያ ወደ አንቺ ሂዱ ነው የምለው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በእጁ እየላከ፣
«ማን ላካችሁ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ጀሶው ሲቀደድ እግሩ ቀጥኗል፣ ነጥቷል፣ ላዩ ተቀርፏል።
ትከሻዬን ይዞ ቆመ። ቆጠርሁለት።
አንድ።
ሁለት።
ሦስት ላይ ቆም አለና፦
«የዚያ ልጅ ቤት የት ነበር?»
«ከብልኮ ማዶ።»
«ሩቅ ነው?»
«ለአራት እርምጃ፣ ሩቅ ነው» አልሁት።
መሬቱን አየ፤ ያመመውን እግሩን አነሣ፣
ቀስ ብሎ አራተኛዋን ረገጠ፤
መቁጠሬን እንዳላቆም በዓይኑ ነገረኝ።