የጳጉሜ ኪራይ

«ወር ማለት ወር ነው» አለኝ ጋሽ ቶሌራ፣
ላስቲክ ወጥሮ መጽሐፍ የሚያከራይ፣ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ።
«ጳጉሜ እኮ አምስት ቀን ናት!» ብዬ ብሟገት፣
መታወቂያዬን መያዣ ወስዶ
አምስት ጥራዝ ቆጠረልኝ፣ አንድ አንድ ለሌሊት።

አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ የማይወጣበት፣
መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ሲያሻው የሚመጣበት፣
ጀሪካን ላይ ተቀምጬ የወንጀሉን ጀመርኩ።
ሟች ጠበቃ ነው፤ በመርዝ።
ሠራተኛዋን ጠረጠርኩ፣ ወንድሙን ጠረጠርኩ፣
ሐኪሙን ልይዘው ስል መጽሐፉ አለቀ፤
የመጨረሻውን ቅጠል ቆሎ ሻጭ ጠቅልላበት ይሆን፣ ማን ዐወቀ።

የፍቅሩን ብቻዬን አላነበብኩም፤
ከእኔ በፊት የተከራየችው፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ
«ውሸታም!» «ውሸታም!» ስትል ቆይታ
ገጽ ሰማንያ ላይ ዝም።
ሦስቴ ተመለስኩበት። ሰውየው በር ላይ ቆሟል፤ ሌላ ምንም።

በሩፋኤል ልጆቹ ዝናብ ሲታጠቡ፣ ጩኸታቸው ደረጃውን ሲወጣ፣
አንድ መስመር አላነበብኩም። ሻሼን ፈትቼ ወረድኩ።

ሳልፈልገው የሰጠኝ የንብ ማነብ መመሪያ
ንግሥቷ የሞተችበት ቀፎ ድምፁ ይለወጣል ይላል፤
እዚያች ላይ አለቀስኩ፣ አፈርኩም።
ግጥሙን በሻማ አነበብኩት፤
ሰሙ ገጹ ላይ ቀረ፣ ወርቁን ገና አላገኘሁም።
የግብር ሕጉ ትራስ ሆነኝ።

በዋዜማው ጭቃውን ተሻግሬ፣ «ጋሼ፣ ጠበቃውን ማን ገደለው?»
ላስቲኩ ላይ ያቆረውን ዝናብ በዱላ ገፍቶ ደፋው።
«እኔም ያለዚያ ገጽ ነው የገዛሁት» አለ፤
«ሾፌሩ ወንድሙ ነው ይላል፣ አስተማሪዋ ሐኪሙ።
አንቺስ ማንን አልሽ?»
መታወቂያዬን በሁለት ጣቱ ይዞ
ይጠብቃል።