ውሃ ልክ

ሰማራንግ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከሰሜኑ መንደር፣
ቀይና ነጭ በትር ይዤ በር ለበር ስዞር፣
እርሳሴ በጆሮዬ፣ ቅጹ በብብቴ፣
"ያለፈው ጎርፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ነበር፣ እመቤቴ?"
አንዷ "እስከ ጉልበቴ"፣ አንዱ "እስከ ሩዙ መደርደሪያ" አሉኝ፤
አንድ ሕፃን ዝም ብሎ አገጩን አሳየኝ።
ሁሉንም በበትሬ ቁጥር አደረግሁት፣
የሰውን አገጭ በሴንቲ ሜትር ጻፍሁት።

የዋርሲኒ ቤት ግን በትር አላሻውም፤
ምስማር ነው መቃኑ፣ ሌላ ጌጥ የለውም።
በግራ በኩል የልጆቿ ቁመት፣
በቀኝ በኩል ውሃው የደረሰበት፤
"ልጆቹ አድገው ቆሙ፣ ትተውኝም ሄዱ፤
ውሃው ገና ልጅ ነው፣ አላለቀም ጉዱ።"

ወለሏን ሦስት ጊዜ በገረጋንቲ ሞልታ፣
ጣራው ባለበት ቀርቶ፣ ትገባለች አንገቷን ደፍታ፣
ለገዛ በሯ እጅ ነሥታ።
የግንበኛው ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ቢጋደም
አረፋው ከባሕሩ ሸሸ፤
ከዚህ መንደር የሸሸ እሱ ብቻ ነው።
"ባሕሩ አይደለም የወጣው፣ እኛ ነን የወረድነው፤
ከሥራችን ያለውን ውሃ ፋብሪካው ሲመጠው
መሬቱ እንደ ባዶ ጆንያ ቁጭ አለ።"

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤
የዋርሲኒው ሳይስቅ ገባ፣ በመጸዳጃው በር።

ካርታዬን ዘረጋሁ፤
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፦ ከፍተኛ አደጋ።
ቤቷን ቀይ ቀባሁት።
መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ አየችው፤
"ልጄ፣ የዚህ ቀይ ትርጉሙ ምንድን ነው?
ቀድማችሁ ልትደርሱልኝ ነው?
ወይስ ቀድማችሁ ልትተዉኝ?"
የካርታው ግርጌ ሁሉን ያብራራል፣
ይህን ግን አይልም።

ቅዳሜ ተመለስሁ፣ ያለ ቅጽ፣ ያለ በትር።
የፓምፑ ዘበኛ ታርኖ ቆሟል ከቦዩ ዳር፣
"ዝናቡ የሌሊት ነው፤ ናፍጣው የሁለት ሰዓት" እያለ።
ሰፈሩ በአካፋ፣ በባልዲ፣ በእጁ ማሰ፤
ከቱቦው ሆድ ፍራሽ ወጣ፣ ግማሽ ሶፋ፣
የልጅ ብስክሌት፣ ቁጥር የሌለው ፌስታል፤
ቱቦው እንደ ጠባ ሕፃን አገሣ።

ማታ ዋርሲኒ ከግድግዳው ጥግ፣
ከትናንቱ እርጥብ መስመር ታች
ሁለት ጣቷን አጋድማ ለካች።
"ጻፍ" አለች።
መሬቱ አልተነሣም፤ ባሕሩም አልራቀም፤
በሁለት ጣት ውሃው ልኩን አወቀ ብዬ አልዋሽም።
ግን ጻፍሁ፤ ሴንቲ ሜትር በሚለው ሣጥን ውስጥ
"ሁለት ጣት"፣
በእርሳስ አይደለም፣ በእስክሪብቶ።

ቢሮው "ይህ ልክ አይደለም" ብሎ መለሰው።
"ልክ ነው" ብዬ
መልሼ ላክሁት።