የአንድ ሰዓት ማር

አባታችን ሞቶ ገና ሦስት ወሩ፣
ዚንሱና ሳግቦ መሬት ሊሰፍሩ፣
አንድ ሆድ የያዛቸው፣ ባንድ የተወለዱ፣
ወደ ዘንባባው ስር ገመድ ይዘው ወረዱ።

እኔ ዶሱ ነኝ።
በአላዳ ወግ ከመንታ በኋላ የመጣ ልጅ
ስሙ ይኸው ነው፤ ምርጫ የለውም።
አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬ ሎሚ መልቀም፣
የትልልቆችን ነገር ሰምቶ አለመድገም።

አክስታችን አሉግባ፣ የአባቴ ታላቅ፣
ቂም እንደ ጨው ዓሣ መክረሙን የምታውቅ፣
ከጓሮዋ ቀጥፋ፣ በኮባ ጠቅልላ፣
ቀይ ፍሬ አቀረበች፣ ጥፍር የማትሞላ።
ፍሬዪቱ ለራሷ ያን ያህል ጣዕም የላት፣
ስስ ልጣጭና ሥጋ፣ ትልቅ ዘር ነው ያላት።
«አላምጡ፤ ምላሳችሁ ላይ አዙሩት» አለች፤
«ዘሩን ትፉ» ብላ መዳፏን ዘረጋች፤
እኔን ጠርታ ደግሞ ሎሚ አስቆረጠች፣
ገና ሲያዩት ጥርስ የሚያጠርስ።

ዚንሱ ገመጠው። ዓይኑን ጨፈነ።
ጠበቅን።
ገለጠና ዓይኑን፣ «ማር ነው» አለ፣ «ማር ሆነ።»
ሳግቦም «ማር ነው» አለ። ከቀብሩ ወዲህ
አንዱ የሌላውን ቃል ሲደግም ስሰማ የመጀመሪያው ይህ።

የኮመጠጠ ገንፎ፣ የከረመ የዘንባባ ጠጅ፣
በቅል በቅል ጨለጡ፤ ከንፈር ላሱ እንደ ልጅ።
«ወንዝ ዳሩ ያንተ ይሁን፣ አንተ ውሰድ» አለ ዚንሱ፤
ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሁለቱም አላነሡ።

አክስቴ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ ከጥላው ነበር፣
የማሩን ዕድሜ ስታሰላ፣ በእርምጃ ስትሰፍር።
ከቀሚሷ እጥፋት ወረቀት አወጣች፣
ቀለም የነከረ ጨርቅ። «አውራ ጣት» አለች።
ሁለት አውራ ጣቶች፣ ሁለት ሰማያዊ እድፍ፣
ጎን ለጎን አረፉ፤ እኔ ፍሬ ሎሚ ስለቅም ከምንጣፍ።

ሌሊት፣ ሁለቱንም ቃር ሲያቃጥላቸው፣
ከየቤታቸው ወጥተው ጉድጓዱ ዳር አየኋቸው።
ምላስ ተሸነገለ እንጂ ሆድማ አልተሸነገለም፤
አሥር ሎሚ አሥር ሎሚ ነው፣ ማር ብለው ቢጠሩትም።

«አታለለችን» አለ ዚንሱ።
ሳግቦ ውሃ ቀድቶ ሰጠው።
«ወረቀቱስ?»
ጠጣ። አፉን በክንዱ ጠረገ።
«ሆድ ይፍጀው።»

አሁን እኔም ሸምግያለሁ። ቁጥቋጦዋ አለች፣
ዝናብ ሲመለስ ቀይ ታፈራለች።
አክስቴን ጠይቄያት ነበር፣ ዓይኗ ሳይከዳት በፊት፣
ያን ቀን ፍሬዋ ናት ወይ ያስታረቀቻቸው ብዬ።
ሎሚ እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም።
«እኔ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የፈለግሁት፤
ውሃ መቅዳቱን እነሱ ናቸው የጨመሩት።»