ጭራ ያበቀለች ነጥብ

«ውሻ አይገባም እዚህ ቤት። ፉል ስቶፕ!» አለ ታክሪ፣
አርባ ዓመት ዓሣ ያራገፈ፣ የግሪምዝቢ ወደብ ኗሪ።
ሥርዓተ ነጥብ በአፉ ሲጠራ
ሚስማር የሚመታ ይመስላል፣ መርከብ እንደሚሠራ።

ልጁ ሄቲ ዝም። ቡችላው ከደጅ፤
ገመዱ በበሩ ሥር አልፎ ከእሷ እጅ።

እኛስ አንድ ነገር ለመዝጋት አራት ነጥብ እንደረድራለን፤
ያም ሆኖ እንቀጥላለን።
እሱ አንዲቷን፣ ብቻዋን፣
ዘብ አቆማት፣ እንድትጠብቅ ደጃፉን።

ዝናቡ ጣሪያውን ደበደበ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፤
ከበሩ ወዲያ ቀጭን ለቅሶ… ታክሪ ተከዘ።

«ግን…» አለ ቆይቶ፣ «እስኪያባራ…»
ነጥቧ ያን ጊዜ አበቀለች ጭራ፤
ኮማ ሆና፣ እሱኑ እየቆላች፣
ከነርጥበቷ ምንጣፉ ላይ ወጣች፣