ስድስት መቶ ሊትር

ቆዬ ፈጬ፣ ብሎክ ዘጠና ሁለት፣ ምድር ቤት፤
ውሃ በፈረቃ፣ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ቧንቧው ሲያስነጥስ ደረጃው ሁሉ በጀሪካን ይንጫጫል፣
የኔም በርሜል ተራ ይዟል፤ ለአሳ ይሞላል።

"ለአሳ?" አሉኝ እትዬ ጥሩዓለም፣ ካራተኛ ፎቅ የወረዱ፣
ሁለት ቢጫ ጀሪካን እንደ መንታ ልጅ ይዘው እየሄዱ፤
"የሰው ጉሮሮ ደርቆ? ኧረ ይተዉ፣ ጋሽ ደግፌ!"
እውነታቸውን ነው። በርሜሉ ሞላ፤ ባዶ ቀረ አፌ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ክሎሪን መዝኜ እንጀራ የበላሁ፣
ለከተማው ውሃ መድኃኒቱን ስጨምር ያረጀሁ፣
ዛሬ በርሜሌን ሳልከድን ሁለት ቀን አሳድራለሁ፤
የጨመርኩት እስኪወጣ ባፍንጫዬ እጠብቃለሁ።
ጡረታ ይኸው ነው መሰለኝ፤ ክዳን ከፍቶ ማስተንፈስ፣
የሠሩትን፣ ቀስ በቀስ።

የመስታወቱ ርዝመት ሁለት ሜትር፣
ቁመቱ ስልሳ፣ ወርዱ ሃምሳ፤ ስድስት መቶ ሊትር።
ስድስት ኩንታል ውሃ! ወለሉ ይችል እንደሁ ብዬ
በእርሳስ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤
ሊሾውን አንኳኩቼ አዳመጥኩ በጆሮዬ።

ከሥሩ ሌላ ገንዳ አለ፣ ባለ ሦስት ክፍል፤
ውሃው እንደ ባለጉዳይ "ወደ ቀጣዩ ሂድ" የሚባል።
ፊተኛው ላይ ከፍራሽ ሠሪ የለመንኩት ቁራጭ ስፖንጅ፣
ጉድፍ አላሳልፍ የሚል፣ ጥበቃ የቆመበት ደጅ።
ሁለተኛው ላይ ቀይ አሸዋ፣ መንገድ ሠሪ ጥሎት የሄደ፣
አስራ አንዴ ታጥቦ፣ ባስራ ሁለተኛው ቀለሙን የካደ።
ያ ድንጋይ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ተከራዮች ይገቡበታል፣
ባይን አይታዩም፤ ያሳውን መርዝ እየበሉ ይኖሩበታል።
ኪራይ? ሥራቸው ነው ኪራዩ። ግን ባንድ ጀንበር አይመጡም፤
ስድስት ሳምንት ባዶ ውሃ አዞርኩ፤ ጎረቤት ሳቀ፣ አልቆጣም።
ለሌለ አሳ ምግብ በቁንጥጫ ስበትን
ዘበኛው ወንድይራድ በመስኮት አይቶ አማተበ፤
"ማረን!" አለ፣ "ማረን!"

መብራቱን የሠራችው ሶሬቲ ናት፣ ኤሌክትሪክ የምትማር፣
ባሉሚኒየም ላይ ኤልኢዲ በየጣት ስፋት ስትደረድር፤
"ገመዱ" አለች፣ "ወደ ሶኬት ከመውጣቱ በፊት ሆዱ ይውረድ፣
ጠብታ ካለ ከሆዱ ላይ መሬት ይፍሰስ፤ ወደ ላይ አይሂድ።
ደግሞ ከስምንት ሰዓት በላይ አይብራ። ብርሃን ሲበዛ
መስታወቱ አረንጓዴ ይለብሳል፤ አሳው ይጠፋል እንደ ዋዛ።"

የበራ ለት የውሃው ጥላ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲርመሰመስ
የሰፈሩ ልጆች ወለሉ ላይ በጀርባ ተኝተው አዩት፣
ያለ መላወስ።

አስራ ሰባት የቆሮሶ ጫጩት ከዝዋይ በላስቲክ መጣ።
"መቼ ነው ጥብሱ?" አለ ወንድይራድ፤ ስስቅበት ተቆጣ።

ሐሙስ ሌሊት ዝምታ ቀሰቀሰኝ።
ፓምፑ ቆሟል፤ ሰፈሩ ጠፍቷል፤ ጨለማ ብቻ ተረፈኝ።
በባትሪ ሳይ፣ አስራ ሰባቱም ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተዋል፣
ውሃው ውስጥ ያለው አየር ባንድ ጉርሻ ሊያልቅ ደርሷል።
ጣሳ አነሣሁ። ቀዳሁ። ከፍ አድርጌ አፈሰስኩ፤
ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ፤ ትንፋሽ በጣሳ ሰፈርኩ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክንዴ ከዳኝ።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩዓለም፣ ነጠላቸውን አገልድመው፤
ምንም አላሉኝ። ጣሳውን ከእጄ ወሰዱት፣ ቀምተው።
ውሃ ያመላለሰ ክንድ ቶሎ አይዝልም፤
እስኪነጋ ሲቀዱ ሲያፈሱ አንዴም አልተቀመጡም።

አስራ አንድ ተኩል ላይ መብራት መጣ፤ ፓምፑ አሳለ፣ ዞረ።
ሁለቱ ተንሳፈዋል፤ አስራ አምስቱ ግን ቁልቁል በረረ።
እትዬ ጥሩዓለም እጃቸውን በነጠላቸው ጠራረጉ፣
ፈገግም አላሉ፤ ወደ በሩ ጥቂት ተጠጉ።
"ማክሰኞ ግን" አሉኝ፣ "ቧንቧው ላይ ቀዳሚዋ እኔ ነኝ።"
ጣሳዬን ይዘው ነው የወጡት፤ እስካሁን አልመለሱልኝ።