ደረሰኝ

አባቴ በመርቭዳሽት ጡብ ተኳሽ ነበረ፣
በምድጃው ጭስ ውስጥ ዐይኑ እንደቀላ ኖረ።
«ጥሬ ጭቃ» ይላል፣ «ዝናብ ያየ ለታ
ስሙን አያስታውስም፤ ይሟሟል በአንዳፍታ።
እሳት የቀመሰ ግን...» ይልና ዝም ይላል፣
በጥፍሩ ጡቡን መትቶ ድምፁን ያዳምጣል።

ዛሬ እኔ ማህሮክ፣ ልጁ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣
መዳፍ የማታክል ጭቃ በብሩሽ ዳብሼ፣
መብራቱን በግራ ዝቅ አድርጌ ሳያት
የዶሮ ጭረት መሳይ ፊደል ሞልቶባት፣
የጸሐፊው አውራ ጣት ጠርዟ ላይ ታትሞባት፣
እንዲህ ትላለች፦

    ለድንጋይ ጠራቢው፣ ለጽርዑ ሰው ሚስት፣
    ወይን፣ ግማሽ ማሰሮ። የወለደችው ሴት።
    (ወንድ ለወለደች ሙሉ ነው የሚሰጣት።)

ሦስተኛ ሴት ነበርሁ፤ ለእናቴ የመጣው
የጎረቤት ጣፋጭ ሳጥኑ ግማሽ ነው።

ስሟ አልተጻፈም። ደረጃውን ወጥቼ
ዘበኞቹን ባየሁ፣ ከድንጋይ የቆሙትን፣
የቀሚሳቸው እጥፋት የማን እጅ ነው እላለሁ።
ጢሙስ የፋርስ ነው፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ፤
ቀሚሱ ላይ ግን የባሕር ሞገድ አለ።
ይህ ሜዳ መች ያውቃል የሞገድን ነገር?
ባሏ ነው ያመጣው ተሸክሞ ከአገር።

ከዚያ የመቄዶን ጦር መጣ፤ ችቦ ያዘ፣
ወይን ጠጣ፣ ዘፈነ፣ ጨፈረ፣ ደነዘዘ።
«ለአቴና ቃጠሎ» አለ፣ «ብድር በምድር!»
ሊባኖስ የበቀለ ዝግባ ከነማገር
በአንድ ሌሊት ውስጥ ፍም ሆኖ ተንተረከከ፤
ወርቁም በግመል ጀርባ ወደ ሌላ ተላከ።
ግንቡ ሲደረመስ እሷን ግን ቀበራት፤
ግማሽ ማሰሮ ወይን፣ ማን ብሎ ይዝረፋት?

ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ፣
«ግንቡ ነው ያቆያት»፣ «እሳቱ ነው» ይላሉ።
እኔ ግን፣ የአባቴ ልጅ፣ በጥፍሬ ነካኋት፣
እንደ ጡብ፣ ቀስ ብዬ፣ አንዴ አዳመጥኋት።

ወይኑን ስትቀበል አላስፈረሟትም፤
የዚያች እናት ቃል ከመዝገቡ የለም።
ሳጥኗ ውስጥ መልሼ፣ ቁጥሯን ጽፌ ሳበቃ፣
ማንም ሳይሰማኝ፣ ለዚያች ትንሽ ጭቃ
ፈረምሁላት ባፌ፦

ደረሰኝ።